እምቢተኛው አዘጋጅና ዘማች አንባቢዎቹ

አባቴ በአንድ የክፍለ ሀገር ትምህርት ቤት ጸሐፊ ስለነበር ልጅነቴን ያሳለፍኩት በማባዣ ማሽን ድምፅና በቀለም ሽታ መካከል ነው። የፈተና ሰሞን ሲደርስ የጽሕፈት መኪናውን ሪባን ከፊደሎቹ መንገድ ዘወር አድርጎ፣ ስቴንስል የሚባለውን በሰም የተለበጠ ስስ ወረቀት ያስገባና ፊደሎቹን ከወትሮው ጠንከር አድርጎ ይመታቸው ነበር። ፊደሉ ሰሙን ሲበሳው ቀለም የሚያልፍበት ቀዳዳ ይከፈታል፤ ስሕተት ከተገኘ ማረሚያውን ፈሳሽ በትንሽ ብሩሽ ቀብቶ፣ እፍ እፍ ብሎ አድርቆ፣ በላዩ ላይ እንደገና ይመታል። ሥራው ሲያልቅ ስቴንስሉን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እያንዳንዱን መስመር ይመረምራል። የሚያባዛው ወረቀት በቁጥር ተረክቦ በፊርማ የሚመልሰው ስለነበር፣ አንድ ገጽ ሲበላሽበት ፊቱ ሲጠቁር አስታውሳለሁ።

ይህን ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ከጥቂት ወራት በፊት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ አገር በዚሁ ዓይነት ማሽን የተባዙ አማተር መጽሔቶችን በምስል ተነሥተው አገኘኋቸውና ሌሊቱን ሙሉ ሳገላብጣቸው አደርኩ። አዘጋጆቻቸው ጋዜጠኞችም የፖለቲካ ሰዎችም አልነበሩም፤ ሳይንሳዊ ልቦለድ የሚወዱ፣ አብዛኞቹ ገና በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ የነበሩ ወጣቶች ናቸው። በእኛ አገር የማባዣ ማሽን ስም ሲነሣ ትዝ የሚለን የተማሪዎች ንቅናቄ፣ በድብቅ የሚበተን በራሪ ወረቀት፣ ማሽኑ እቤቱ ስለተገኘ ብቻ ሕይወቱን ያጣ ሰው ነው። ስለዚህ ከሰማይ ቦምብ በሚወርድበት ከተማ ውስጥ ተቀምጦ ስለ ማርስ ጉዞ ስቴንስል የሚመታ ሰው መጀመሪያ ላይ ሥራ ፈት መስሎ ታይቶኝ ነበር። ያ ፍርዴ ብዙም አልቆየ። ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት፣ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

አፍቃሪዎች በራሳቸው ገንዘብ፣ ያለ ትርፍ፣ ለራሳቸው መጽሔት የማዘጋጀት ልማድ የተጀመረው አሜሪካ ውስጥ ሲሆን፣ ለዚህ ዓይነቱ ኅትመት መነሻ ተደርጎ የሚቆጠረው በግንቦት 1930 የወጣው «ዘ ኮሜት» ነው። እንግሊዞቹ ዘግየት ብለው ገቡበት። ሞሪስ ሃንሰን የተባለ ወጣት በ1936 ኑኒተን በተባለች ከተማ «ኖቬ ቴሬ» የተሰኘውን መጽሔት ጀመረ፤ ስሙ የላቲን ሲሆን «አዳዲስ ምድሮች» ማለት ነው። በጥር 1937 ደግሞ በሰሜን እንግሊዝ በምትገኘው በሊድስ ከተማ ጥቂት አፍቃሪዎች አንድ አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበው አገር አቀፍ ማኅበር መሠረቱ። ሃንሰን በኋላ ወደ ለንደን ሄዶ በግሬይስ ኢን ጎዳና ቁጥር 88 አንድ አፓርታማ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ተከራየ፤ ከሁለቱ አንዱ ደራሲው ዊሊያም ቴምፕል ሲሆን ሌላው ያን ጊዜ የመንግሥት ኦዲት ሠራተኛ የነበረው አርተር ሲ ክላርክ ነው። ክላርክን ጓደኞቹ «ኢጎ» ብለው ይጠሩት ነበር፤ ስለ ራሱ ማውራት የሚወድ ሰው እንደነበር ከቅጽል ስሙ መረዳት አያዳግትም።

የእነዚህ ወጣቶች ዋና ምግብ ከአሜሪካ የሚመጣው ርካሽ መጽሔት ነበር። ያልተሸጡት የአሜሪካ መጽሔቶች በመርከብ ሆድ ውስጥ የሚዛን ክብደት ሆነው አትላንቲክን እንደሚሻገሩ ይተረካል፤ ተረኩ እውነትም ይሁን የተጋነነ፣ መጽሔቶቹ ዉልዎርዝ በተባሉት የርካሽ ዕቃ መደብሮች በሦስት ፔኒ ይሸጡ እንደነበር ግን የታወቀ ነው። አንድ የፋብሪካ ተላላኪ ልጅ እንኳ በሳምንት አንዱን መግዛት ይችል ነበር ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የተናጋው በመስከረም 1939 ነው። ጦርነቱ በታወጀበት በዚያው ቀን፣ መስከረም 3፣ የብሪታንያ ፓርላማ ከ18 እስከ 41 ዓመት ያሉ ወንዶችን ለግዳጅ ውትድርና የሚያበቃ ሕግ አጸደቀ። ይህ ዕድሜ የአፍቃሪዎቹን መዝገብ ከሞላ ጎደል ጠራርጎ የሚወስድ ነበር። አገር አቀፉ ማኅበር ሥራውን አቆመ፤ መጽሔቶቹም አንድ በአንድ ጠፉ፤ «ኖቬ ቴሬ»ን ተረክቦ «ኒው ወርልድስ» በሚል አዲስ ስም ያወጣው ጆን ካርኔል እንኳ ከአራት እትም በላይ ሊገፋ አልቻለም። በሚያዝያ 1940 ጀርመን ኖርዌይን ስትወር ለወረቀት የሚሆነው የእንጨት ጥሬ ዕቃ ከስካንዲኔቪያ መምጣቱ ተቋረጠ፤ ራሽኑ ጠበቀ፤ መጽሐፍ አሳታሚዎች ከጦርነቱ በፊት ይጠቀሙበት ከነበረው ወረቀት መጀመሪያ 60 በመቶ ብቻ ሲፈቀድላቸው፣ ቆየት ብሎ ድርሻቸው ከ40 በመቶም በታች ወረደ። ዶላር ለመቆጠብና የመርከብ ቦታ ለጦር ዕቃ ለመልቀቅ ሲባል የአሜሪካ መጽሔቶችም እንደ ልብ መግባታቸው ቀረ። አውስትራሊያም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ እገዳ ጣለች፤ የሲድኒ አፍቃሪዎችም እንዲሁ በየፊናቸው በተባዛ ወረቀት ይጽናኑ ነበር።

እንግዲህ ልጆቹ በየጦር ሰፈሩ ተበትነዋል፣ የሚነበበው ታሪክ የለም፣ የሚጻፍበት ወረቀት የለም። የሊድሱ ማይክል ሮዘንብሉም ወደ ታሪኩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ሮዘንብሉም ከጦርነቱ በፊት «ዘ ፊውቸሪያን» የተባለ ትንሽ መጽሔት ያዘጋጅ ነበር። በጥቅምት 1940፣ ለንደን በየሌሊቱ በምትደበደብበት ወር፣ «ፊውቸሪያን ዎር ዳይጀስት» የተባለ አዲስ ተባዥ ጽሑፍ አወጣ፤ አንባቢዎቹም ስሙን አሳጥረው «ፋይዶ» አሉት፤ በእንግሊዝ አገር ለውሻ የሚወጣ ስም ነው። እስከ መጋቢት 1945 ድረስ 39 እትሞች ወጥተዋል። አራት ዓመት ተኩል ለሚሆን ጊዜ፣ ወረቀት በሚፈለግበትና በሚታደንበት አገር፣ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ 39 ጊዜ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ የአባቴን የወረቀት ቆጠራ ያየ ሰው ይገባዋል። ወረቀቱ መጠኑም ቀለሙም አንድ ወጥ አይደለም፤ አዘጋጁ የተገኘውን እንደተገኘ እየተጠቀመ እንደነበር ይታያል። በአንዳንዱ ገጽ የጀርባው ጽሑፍ ወደ ፊት ዘልቆ ንባቡን ያውካል፤ እኔም አንዳንዱን መስመር ለማንበብ ዓይኔን ማጥበብ ነበረብኝ።

ታዲያ ውስጡ ምን ነበር? ትልልቅ የጠፈር ታሪኮችን የሚጠብቅ ሰው ያዝናል። አብዛኛው ዜና ነው፤ ያውም የትንንሽ ሰዎች ዜና። እገሌ ወደ አየር ኃይል ተጠራ፣ እገሌ ክፍሉን ቀይሮ አዲሱ አድራሻው ይህ ነው፣ እገሌ አገባ፣ እገሌ ይህን ቁጥር መጽሔት ይፈልጋልና ያለው ይለውጠው። ከዚያ በኋላ ከአሜሪካ የተሰማ ወሬ፣ እዚያ ምን ታሪክ እንደወጣና ማን እንደጻፈው፣ ጥቂት የመጽሐፍ አስተያየት። መጀመሪያ ሳነበው ተራ መስሎኝ ነበር፤ ደግሜ ሳየው ግን የጽሑፉ ልብ አድራሻው እንደሆነ ገባኝ። በየሦስት ወሩ ከሰፈር ሰፈር የሚዘዋወር ወታደር ወዳጆቹን የሚያጣው በጥይት ብቻ አይደለም፤ አድራሻ በመጥፋቱ ብቻ የሚቋረጥ ወዳጅነት ብዙ ነው። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ብዙዎቹ ከጦርነቱ በፊትም ቢሆን የሚተዋወቁት በደብዳቤ ነበር። ሊድስ የሚገኝ አንድ ሰው የሁሉንም አድራሻ እያሳደደ መዝግቦ ባይይዝ ኖሮ፣ ጦርነቱ ሲያበቃ ማን ማንን ያገኘው ነበር?

ከሁሉም የወደድኩት ግን አንድ ሌላ አሠራር ነው። ብዙዎቹ የቀድሞ አዘጋጆች አሁን መጽሔት የሚያህል ነገር ለማውጣት ወረቀቱም ጊዜውም አልነበራቸውም፤ አንድ ወይም ሁለት ገጽ ግን ይችላሉ። ስለዚህ ያችን ገጽ እያዘጋጁ ለሮዘንብሉም ይሰጡታል፤ እርሱም ከራሱ ጽሑፍ ጋር በአንድ ፖስታ አሽጎ ለሁሉም ይልካል። እንግሊዞቹ ይህችን የተዳበለች ገጽ በጀርባ የሚፈናጠጥ ሰው በሚጠሩበት ቃል ይጠሯታል፤ እኛም «ተፈናጣጭ» ብንላት ያስኬዳል። በዚህ መንገድ አንድ ፖስታ ሲከፈት አምስት ስድስት ዓይነት ጽሑፍ፣ አምስት ስድስት ዓይነት ጠባይ ይወጣል። በበቆሎ ጊዜ ሁሉም ከጓሮው እሸቱን ይዞ የሚመጣበት የመንደር ቡና ትዝ አለኝ፤ ቡናውን ያፈላው አንድ ሰው ቢሆንም ድግሱ የሁሉም ነው።

አሁን ወደ ርእሴ ልምጣ። ሮዘንብሉም ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም ብሎ ጦር መሣሪያ ለማንሳት እምቢ ካሉት አንዱ ነበር። በዚያ ጦርነት በብሪታንያ እንዲህ ብለው የተመዘገቡ ሰዎች ወደ 60,000 ይጠጋሉ። እያንዳንዳቸው በአንድ ጉባኤ ፊት ቀርበው እምነታቸውን ማስረዳት ነበረባቸው፤ ጉባኤውም ጥቂቱን ያለ ምንም ግዴታ ያሰናብታል፣ ሌላውን በእርሻ፣ በደን ወይም በሆስፒታል እንዲሠራ ያዛል፣ የማያምነውን ደግሞ ወደ ጦሩ ይመልሰዋል። የሮዘንብሉም ድርሻ የእርሻ ሥራ ሆነ። ይህ በጎረቤት ዓይን የሚያስከብር ነገር አልነበረም፤ ልጁን ወደ ግንባር የሸኘ አባት፣ እቤቱ ያደረ ጎልማሳ ሲያይ ምን እንደሚሰማው ለማወቅ እንግሊዛዊ መሆን አያስፈልግም፤ እኛም አገር ዘማችና ቀሪ የሚተያዩበትን ዓይን እናውቀዋለን።

ነገሩን ልዩ የሚያደርገው ይህ ሰው ያገናኛቸው ሰዎች አብዛኞቹ ዩኒፎርም የለበሱ መሆናቸው ነው። ክላርክ ከ1941 ጀምሮ በአየር ኃይል ውስጥ፣ አውሮፕላኖች በጭጋግ ውስጥ በራዳር እየተመሩ እንዲያርፉ በሚያደርገው አዲስ ሥራ ላይ ነበር። ቴምፕል በጦር ሠራዊት ውስጥ ሆኖ ሰሜን አፍሪካና ጣሊያን ዘመተ። ካርኔልም ወታደር ሆነ። በወታደሩና በእምቢተኛው መካከል የነበረው ልዩነት የሕይወትና የሞት ልዩነት ነው፤ ይሁንና ወታደሩ አዲስ አድራሻውን የሚልከው ለእምቢተኛው ነበር፤ እምቢተኛውም የወታደሩን ዜና በጥንቃቄ መዝግቦ ለሌሎቹ ያደርስ ነበር። አልተከራከሩም ማለቴ አይደለም። ሳም ዩድ የተባለው ወጣት፣ በኋላ ጆን ክሪስቶፈር በሚል የብዕር ስም የታወቀው ደራሲ፣ በ1939 «ዘ ፋንታስት» የተባለ መጽሔት ጀምሮ፣ ቆየት ብሎ አበርዲን ለሚኖረው ለዳግላስ ዌብስተር አስተላለፈው፤ በዚያ መጽሔት ሳይንሳዊ ልቦለድ ለሥነ ጽሑፍና ለሐሳብ ሙግት ሰበብ ሆኖ ነበር የሚያገለግለው። የሚሟገት ሰው ግን ገና አልተኳረፈም፤ የኩርፊያ ምልክቱ ዝምታ ነው።

ስለ መልክም አንድ ነገር ልበል። ስቴንስል ለፊደል እንጂ ለሥዕል አይመችም፤ መስመሩን በብረት ጫፍ መጫር ሲያስፈልግ እጅ ትንሽ ከከበደ ወረቀቱ ይቀደዳል፣ ከቀለለም ቀለሙ አያልፍም። አባቴ ለሳይንስ ፈተና የአበባ ክፍሎችን ለመሣል ሲታገል ሁለት ስቴንስል የቀደደበት ቀን ነበር። የማንችስተሩ ሃሪ ተርነር ግን በ1941 እና በ1942 ባወጣው «ዜኒት» በተባለው መጽሔት በዚሁ ማሽን የሠራቸውን ሥዕሎች ሳይ፣ ከልብ የሆነ ቅናት ያዘኝ።

በ1942 ደግሞ በሮዘንብሉምና በጓደኞቹ ጥረት የብሪታንያ ፋንታሲ ማኅበር ተቋቋመ። ስሙ ትልቅ ነው እንጂ ዋና ጥቅሙ ለአባላቱ በፖስታ መጽሔት የሚያውስ ቤተ መጻሕፍት መኖሩ ነበር፤ መንግሥት አሮጌ ወረቀት ሁሉ ተሰብስቦ ለጦርነቱ ይዋል እያለ በሚቀሰቅስበት ጊዜ፣ አሮጌ መጽሔቶችን ከመፈጨት አድኖ ማዟዟር ቀላል ውለታ አይደለም። በ1943 የፋሲካ ሰሞን ሌስተር ከተማ ላይ ተሰባሰቡ። ፈቃድ ያገኘ ወታደር ጥቂት የዕረፍት ቀኖቹን ቤተሰቡ ዘንድ በማሳለፍ ፈንታ በታጨቀ ባቡር ተሳፍሮ፣ መብራት በጠፋበት ከተማ፣ ስለ መጽሔት ሊያወራ መሄዱ እናቱን ደስ ያሰኛት አይመስለኝም።

የአሜሪካው ነገር ሌላ ነበር፤ በአጭሩ ልለፈው። ሮዘንብሉም የመጀመሪያውን እትም ባወጣበት በዚያው ጥቅምት 1940፣ ራስ ሾቬኔ የተባለ መስማት የተሳነው አሜሪካዊ አፍቃሪ፣ የቼዝ ተጫዋችም ነበር፣ ለእነዚህ ጽሑፎች «ፋንዚን» የሚለውን ስም አወጣላቸው፤ ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት ቃል ነው። አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ከመግባቷ በፊት በሐምሌ 1941 በዴንቨር ዓመታዊ ጉባኤያቸውን አካሄዱ፤ ለ1942 በሎስ አንጀለስ የታቀደው ግን እስከ 1946 ተላለፈ። ፎረስት አከርማንና ሞሮጆ በሚል ስም የምትታወቀው ባልደረባው በሎስ አንጀለስ ያዘጋጁት የነበረው መጽሔት ከሞላ ጎደል ከአንባቢ ደብዳቤዎች ብቻ የተሠራ ነበር፤ አከርማን ራሱ ለውትድርና ተጠርቶ እንኳ ኅትመቱ አልተቋረጠም። በ1943 ሚሺጋን ውስጥ ባትል ክሪክ በተባለች ከተማ ጥቂት አፍቃሪዎች ጠቅልለው በአንድ ቤት መኖር ጀመሩ። በ1944 ደግሞ፣ ዓለም ሁሉ የኖርማንዲን ወሬ በሚያዳምጥበት ዓመት፣ ጃክ ስፒር የአፍቃሪዎቹን ቃላትና ታሪክ የያዘ መዝገበ ዕውቀት አዘጋጅቶ በማባዣ ማሽን ታተመ። ለጥቂት መቶ ሰዎች መዝገበ ዕውቀት! እብደቱን ወድጄዋለሁ። ይሁንና ልቤ ያለው እንግሊዞቹ ዘንድ ነው፤ ምክንያቱም አሜሪካኖቹ ወረቀት ነበራቸው። ከዚያ ወረቀትና ከዚያ መጽሔት ውቅያኖሱን ተሻግሮ ለእንግሊዞቹ ይደርስ የነበረውም የእነሱ ደግነት ነው፤ ፖስታው በሳንሱር እጅ ያልፍ ስለነበር፣ አንድ መርማሪ መሥሪያ ቤት ተቀምጦ አረንጓዴ ጭራቅ ያለበትን ሽፋን ሲያገላብጥ ምን እያሰበ ይሆን እያልኩ ለብቻዬ ስቄአለሁ።

ጦርነቱ ሲያበቃ መዝገቡ በቦታው ነበር። በ1946 የለንደኖቹ አፍቃሪዎች በየሳምንቱ ሐሙስ ማታ ዋይት ሆርስ በተባለ መጠጥ ቤት መገናኘት ጀመሩ፤ ክላርክና ቴምፕል ይመጣሉ፤ ካርኔልም ከጦሩ ተመልሶ በ1939 በማባዣ ማሽን የጀመረውን «ኒው ወርልድስ» በዚያው ዓመት በማተሚያ ቤት የሚታተም፣ ለደራሲዎቹ የሚከፍል መጽሔት አደረገው። ክላርክ አስቀድሞ በጥቅምት 1945 ሰው ሠራሽ ሳተላይቶች ለዓለም አቀፍ መገናኛ ሊያገለግሉ እንደሚችሉ የሚያስረዳውን ጽሑፉን በአንድ የራዲዮ ቴክኒክ መጽሔት አውጥቶ ነበር። ብዙዎቹ እንዲህ ወደ ሙያውና ወደ ስሙ ሄዱ።

ሮዘንብሉም ወደዚያ አልሄደም። የ«ፋይዶ» የመጨረሻ እትም ከወጣ ከዘጠኝ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1954፣ እዚያው ሊድስ ውስጥ «ዘ ኒው ፊውቸሪያን» የሚል ሌላ አማተር መጽሔት ጀመረ።